የተፈጥሮ መብት እና የሕግ መብት

የተፈጥሮ መብት ማለት አንድ ሰው ሰው በመሆኑ ብቻ አለው የሚባል፣ መንግሥት ያልሰጠውና መንግሥት ሊነጥቀው የማይገባ መብት ነው። የሕግ መብት ደግሞ በአንድ አገር ሕግ የተደነገገና በፍርድ ቤት ሊጠየቅበት የሚችል መብት ነው። ለመጀመሪያው ብዙ ጊዜ በምሳሌነት የሚጠቀሰው በሕይወት የመኖር መብት ሲሆን፣ ለሁለተኛው ደግሞ የጡረታ አበል የማግኘት መብት ነው።

መብት የሚመነጨው ከተፈጥሮ ነው ወይስ ከመንግሥትና ከሕግ የሚለው ጥያቄ በፍልስፍና፣ በሕግ ትምህርትና በፖለቲካ ለረጅም ዘመናት ሲያከራክር ቆይቷል። ክርክሩ የቃላት ብቻ አይደለም። መብት ከሕግ ብቻ የሚመጣ ከሆነ፣ ባርነት በተፈቀደበት አገር የተሸጠ ሰው «መብቴ ተጣሰ» ለማለት መሠረት አይኖረውም። መብት ከተፈጥሮ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ የትኞቹ መብቶች ከተፈጥሮ እንደሆኑ ማን ይወስናል፣ ማንስ ያስከብራቸዋል ለሚሉት ጥያቄዎች መልስ ያስፈልጋል።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የውጭ አገር ታሪክ ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (እ.ኤ.አ.)፣ የኢትዮጵያ ታሪክ ዓመታት ደግሞ በኢትዮጵያ አቆጣጠር (ዓ.ም.) ተጽፈዋል።

መብት ከተፈጥሮ ነው የሚለው አስተሳሰብ

ከሰው ሠራሽ ሕግ በላይ የሆነ ሕግ አለ የሚለው ሐሳብ በጣም ጥንታዊ ነው። በ5ኛው ክፍለ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት ግሪካዊው ሶፎክልስ በጻፈው «አንቲጎኔ» በተሰኘው ተውኔት ውስጥ፣ ንጉሡ የወንድሟን አስከሬን እንዳይቀበር ሲከለክል አንቲጎኔ ትእዛዙን ጥሳ ትቀብረዋለች። መከራከሪያዋም የንጉሥ አዋጅ ያልተጻፈውን የአማልክት ሕግ ሊሽር አይችልም የሚል ነው። ከዚያ በኋላ የስቶይክ ፈላስፎችና ሮማዊው ሲሴሮ ለሰው ልጅ ሁሉ አንድ የሆነ፣ በማስተዋል የሚታወቅ የተፈጥሮ ሕግ አለ ብለው አስተማሩ። በ13ኛው ክፍለ ዘመን ቶማስ አኩዊናስ የተፈጥሮን ሕግ የሚቃረን የሰው ሕግ የሕግነት ባሕርይው የተበላሸ ነው ሲል ጽፏል።

እነዚህ ጸሐፊዎች በአብዛኛው የተናገሩት ስለ ተፈጥሮ ሕግ፣ ማለትም ሰው ሊፈጽመው ስለሚገባ ግዴታ ነበር። እያንዳንዱ ሰው በግሉ ስለሚይዘው መብት በስፋት መነገር የጀመረው ቆይቶ ነው። በዚህ ረገድ ከሁሉ ይልቅ የሚጠቀሰው እንግሊዛዊው ጆን ሎክ ነው። ሎክ በ1689 ባሳተመው ስለ መንግሥት በሚናገረው ሥራው፣ ሰዎች መንግሥት ከመቋቋሙ በፊትም የሕይወት፣ የነፃነትና የንብረት መብት እንደነበራቸው ተከራከረ። በእሱ አመለካከት ሰዎች መንግሥትን ያቋቋሙት እነዚህን መብቶች እንዲጠብቅላቸው ነው፤ መንግሥት ጠባቂ መሆኑን ትቶ መብቶቹን ራሱ ከጣሰ ሕዝቡ ሊያነሣው ይችላል።

ይህ አስተሳሰብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ፖለቲካ ሰነዶች ገባ። የ1776 የአሜሪካ የነፃነት መግለጫ የሰውን መብት ከፈጣሪ የተሰጠ ሲለው፣ የ1789 የፈረንሳይ የሰውና የዜጋ መብቶች መግለጫ ደግሞ የተፈጥሮና የማይገሰስ ብሎታል። በ1791 የጸደቀው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ዘጠነኛ ማሻሻያም አንዳንድ መብቶች በጽሑፍ መዘርዘራቸው ሕዝቡ ሌሎች መብቶች የሉትም እንደማያሰኝ ይደነግጋል። ይህ አንቀጽ ሕጉ መብትን የሚመዘግብ እንጂ የሚፈጥር ብቻ አይደለም የሚለውን እምነት ያሳያል።

መብት ከሕግ ነው የሚለው አስተሳሰብ

ሌላው ወገን መብት ያለ መንግሥት ትርጉም የለውም ይላል። ቶማስ ሆብስ በ1651 ባሳተመው «ሌቪያታን» በተባለው መጽሐፍ፣ መንግሥት በሌለበት ሁኔታ ሁሉም ሰው በሁሉም ነገር ላይ መብት ስላለው የማንም መብት ዋስትና እንደማይኖረው አስረድቷል። ሁሉም የእኔ ነው የሚለው ነገር የማንም አይሆንም። «ይህ የእኔ፣ ያ የአንተ» ማለት የሚቻለው የጋራ ኃይል ያለው መንግሥት ሲኖር ነው።

ይህን አቋም እስከ መጨረሻው የወሰደው ጄረሚ ቤንታም ነው። የፈረንሳዩን መግለጫ ሲተች የተፈጥሮ መብት የሚለው አነጋገር ትርጉም የለሽ ነው ብሎ አጣጥሎታል። የክርክሩ ፍሬ እንዲህ ነው፤ አንድ ሰው መብት አለው ማለት ሌላው ሰው ግዴታ አለበት ማለት ነው። ግዴታን የሚያስፈጽም ሕግና ዳኛ ከሌለ መብት እንዲኖር መፈለጋችን መብቱን አያስገኘውም። ኤድመንድ በርክም በ1790 የፈረንሳይን አብዮት ሲነቅፍ፣ የእንግሊዛውያን መብት ከአያቶቻቸው በሕግና በልማድ የተወረሰ እንጂ ከረቂቅ ሐሳብ የተቀዳ አይደለም ብሏል።

ቤንታም የተፈጥሮ መብትን መካዱ ግፍን መደገፉ አይደለም። እሱ ራሱ ባርነትን ይቃወም ነበር። ሕጉ መጥፎ ከሆነ መጥፎ ነው ተብሎ በግልጽ ይነቀፍ፣ በአዲስ ሕግም ይለወጥ ነው የሚለው። ሕግ ምን እንደሆነና ሕግ ምን መሆን እንዳለበት ለይቶ ማየት እንደሚገባ የሚያስተምረው ይህ አቋም የሕግ ፖዚቲቪዝም ለተባለው የሕግ ፍልስፍና መሠረት ሆኗል።

ባርነት እንደ መፈተኛ

ሁለቱ አስተሳሰቦች ጥንካሬያቸውና ድክመታቸው ጎልቶ የሚታየው በባርነት ታሪክ ነው።

በ533 ዓመተ ምሕረት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በንጉሠ ነገሥት ዮስጢኒያኖስ ዘመን የወጣው የሮማ ሕግ መማሪያ፣ ሰው በተፈጥሮው ነፃ እንደሆነና ባርነት ተፈጥሮን የሚቃረን የአሕዛብ ሕግ ተቋም እንደሆነ በግልጽ ያስቀምጣል። ሆኖም ያው መጽሐፍ ስለ ባሪያ ባለቤትነት ሕጎችን መዘርዘሩን ይቀጥላል። የተፈጥሮ ነፃነት በቃል ታወቀ፤ ባሪያውን ግን ነፃ አላወጣውም።

ተፈጥሮን መጥቀስ ሁልጊዜ ለነፃነት አልዋለም። አሪስቶትል አንዳንድ ሰዎች በተፈጥሯቸው ባሪያ ናቸው ብሎ ጽፎ ነበር። የአሜሪካን የነፃነት መግለጫ ከፈረሙት ውስጥ ብዙዎቹ የባሪያ ጌቶች ነበሩ። የፈረንሳዩ መግለጫም የሴቶችን የፖለቲካ መብት አላካተተም፤ ኦለምፕ ደ ጉዥ በ1791 የሴቶችን መብት መግለጫ ጽፋ ብትሟገትም በ1793 በሞት ተቀጣች፤ የፈረንሳይ ሴቶች የመምረጥ መብት ያገኙት በ1944 ነው። ቤንታምና መሰሎቹ ተፈጥሮ ምን እንደምትል እያንዳንዱ እንደፈቀደው ይተረጉመዋል ብለው የሚነቅፉት ለዚህ ነው።

በሌላ በኩል የ1772 የሶመርሴት ጉዳይ ተፈጥሮን መነሻ ያደረገ ክርክር በፍርድ ቤት ምን ሊሠራ እንደሚችል ያሳያል። ጄምስ ሶመርሴት የተባለ ባሪያ እንግሊዝ አገር ውስጥ ከጌታው ካመለጠ በኋላ ተይዞ ወደ ጃማይካ ሊላክ በመርከብ ላይ ታሰረ። ዳኛው ሎርድ ማንስፊልድ ባርነት በማናቸውም የግብረ ገብ ወይም የፖለቲካ ምክንያት ሊደገፍ ስለማይችል፣ ሊጸና የሚችለው በግልጽ በተደነገገ ሕግ ብቻ ነው አሉ። በእንግሊዝ እንዲህ ያለ ሕግ ስላልነበረ ሶመርሴት ተለቀቀ። በአንጻሩ በ1857 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በድሬድ ስኮት ጉዳይ ጥቁሮች የአሜሪካ ዜጎች ሊሆኑ አይችሉም ብሎ ወሰነ። በዚያ አገር ባርነትን በሕግ ያስቀረው በ1865 የጸደቀው የሕገ መንግሥቱ 13ኛ ማሻሻያ ነው።

ከዚህ ታሪክ ብዙ ጸሐፊዎች የሚያወጡት ትምህርት አለ። ባርነት ሕጋዊ ሆኖ ሳለ ግፍ እንደሆነ ለመናገር ያስቻለው ከሕግ በላይ የሆነ መለኪያ ነው፤ የባሪያውን ሰንሰለት የፈታው ግን ተፈጻሚ የሆነ ሕግ ነው።

በኢትዮጵያ

ተመሳሳይ ውጥረት በኢትዮጵያ የሕግ ታሪክም ይታያል። ፍትሐ ነገሥት በ13ኛው ክፍለ ዘመን በግብጻዊው የቅብጥ ሊቅ ኢብን አል አሳል በዓረብኛ ተዘጋጅቶ በኋላ ወደ ግእዝ የተመለሰ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ለብዙ መቶ ዓመታት እንደ ታላቅ የሕግ መጽሐፍ ተከብሮ ኖሯል። መጽሐፉ ስለ ባሮች በሚናገረው ክፍል ሰዎች ሁሉ በተፈጥሮ ሕግ ነፃነትን እንደሚጋሩ ይገልጻል፤ ወዲያው ግን ጦርነት ድል የተነሣውን የአሸናፊው ባሪያ እንደሚያደርገው ይደነግጋል። የሮማው ሕግ ተቃርኖ እዚህም አለ።

በዘርዓ ያዕቆብ ስም የሚታወቀው ሐተታ ደግሞ ሰዎች ሁሉ በፈጣሪ ፊት እኩል መሆናቸውን መነሻ አድርጎ ሰውን እንደ እንስሳ መሸጥና መግዛትን ይነቅፋል። የሐተታው ደራሲ ማንነት በሊቃውንት ዘንድ ያከራክራል፤ መጽሐፉ ግን ልማድና ሕግ በልቡና ብርሃን መመርመር አለባቸው የሚል አቋም ስላለው በተፈጥሮ ሕግ ጥናት ውስጥ ይጠቀሳል።

በተግባር ከአፄ ቴዎድሮስ ዘመን ጀምሮ የባሪያ ንግድን የሚከለክሉ አዋጆች ቢወጡም ንግዱ ወዲያው አልቆመም። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ባርነትን ለማጥፋት ቃል ገባች፤ በዚያው ዓመት ባሮች ቀስ በቀስ ነፃ የሚወጡበት አዋጅ ወጣ። የባርነትን ሕጋዊነት ያስቀረው በ1934 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ነው።

በሕዝቡ አነጋገርም ሕግና ከሕግ በላይ ያለው ነገር ተቀላቅለው ይገኛሉ። ሊደበድበው ወይም ሊያስረው የመጣን ሰው «በሕግ አምላክ!» ብሎ የሚያስቆም ሰው ሕጉን ብቻ ሳይሆን የሕጉን አምላክ ይጠራል። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር ደግሞ ሌላውን ጎን ያሳያል፤ ትልቅ ንብረትን በዳኝነት ከማጣት ይልቅ ጥቂት ነገር ያለ ዳኝነት መነጠቅ እንደሚያንገበግብ ይናገራል።

የመጀመሪያው የኢትዮጵያ የጽሑፍ ሕገ መንግሥት በ1923 ዓ.ም. ሲወጣ ንጉሠ ነገሥቱ በራሳቸው ፈቃድ ለሕዝቡ የሰጡት ተደርጎ ነው የቀረበው። በዚህ አቀራረብ መብት ከዙፋን የሚወርድ ስጦታ ነው። በኅዳር 1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት ተቃራኒውን መንገድ ይዟል። አንቀጽ 10 ሰብዓዊ መብቶችና ነፃነቶች ከሰው ልጅ ተፈጥሮ እንደሚመነጩና የማይገፈፉ እንደሆኑ ይደነግጋል። ምዕራፍ ሦስትም መብቶቹን «ሰብዓዊ» እና «ዲሞክራሲያዊ» ብሎ በሁለት ይከፍላቸዋል።

ይሁንና ጥያቄው በዚህ አልተዘጋም። ከተፈጥሮ ይመነጫሉ ከተባሉት መብቶች አንዱ በሕይወት የመኖር መብት (አንቀጽ 15) ነው፤ ነገር ግን ይኸው አንቀጽ በሕግ በተወሰነ ከባድ ወንጀል ምክንያት የሞት ቅጣትን ይፈቅዳል። በአንቀጽ 93 መሠረት በአስቸኳይ ጊዜ ሊታገዱ የማይችሉት ድንጋጌዎች ውስጥም አንቀጽ 15 አልተጠቀሰም፤ የተጠቀሱት አንቀጽ 1፣ 18፣ 25 እና የአንቀጽ 39 ሁለት ንዑሳን አንቀጾች ናቸው። አንድ ሕገ መንግሥት መብቱ ከተፈጥሮ ነው ብሎ ቢያውጅም፣ የመብቱን ወሰን የሚያሰምረው ያው የተጻፈው ሕግ ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ

በናዚ ጀርመን የ1935 የኑረምበርግ ሕጎች የአይሁዶችን የዜግነት መብት የገፈፉት በሕግ መልክ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ጀርመናዊው የሕግ ሊቅ ጉስታፍ ራድብሩክ በ1946 ባወጣው ጽሑፍ፣ ሊታገሡት ከማይቻል ደረጃ የደረሰ ኢፍትሐዊ ሕግ እንደ ሕግ ሊቆጠር አይገባም ሲል ተከራከረ። እንግሊዛዊው ኸርበርት ሃርት በ1958 ሲመልስ፣ እንዲህ ያለው ሕግ ሕግ አልነበረም ከማለት ይልቅ «ሕግ ነው፤ ግን ለመታዘዝ እጅግ ክፉ ነው» ማለት የበለጠ ሐቀኝነት እንዳለው አስረዳ። ልዩነታቸው ስለ ግፉ አይደለም፤ ግፉን በምን ስም እንጥራው በሚለው ነው።

ዓለም አቀፍ የሰብዓዊ መብቶች መግለጫ በታኅሣሥ 1 ቀን 1941 ዓ.ም. (ዲሴምበር 10 ቀን 1948 እ.ኤ.አ.) በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ሲጸድቅ 48 አገሮች ደግፈውት 8 ድምፀ ተአቅቦ አድርገዋል፤ የተቃወመ አልነበረም። ኢትዮጵያ ከደጋፊዎቹ አንዷ ነበረች። ሲረቀቅ አንቀጽ 1 ሰዎች ማስተዋልና ሕሊና «በተፈጥሮ» ተሰጥቷቸዋል ይል ነበር። የብራዚል ልዑካን የእግዚአብሔር ስም እንዲገባ ጠየቁ፤ ሌሎች ተቃወሙ። በመጨረሻ የእግዚአብሔር ስም ሳይገባ «በተፈጥሮ» የሚለውም ቃል ወጣ። መግለጫው ሰዎች ሁሉ ነፃና እኩል ሆነው እንደሚወለዱ ይናገራል፤ ከማን እንዳገኙት ግን ሆን ብሎ አይናገርም። አገሮቹ የተስማሙት በመብቶቹ ዝርዝር እንጂ በምንጫቸው አይደለም።

በ1981 የጸደቀው የአፍሪካ የሰዎችና የሕዝቦች መብቶች ቻርተር ደግሞ በመግቢያው መሠረታዊ ሰብዓዊ መብቶች ከሰው ልጅ ባሕርይ እንደሚመነጩ ይገልጻል፤ ከግለሰብ መብት ጋር የሕዝቦችን መብትና የግለሰብን ግዴታም ያካትታል።

አስከባሪ የሌለው መብት

ፈላስፋዋ ሐና አረንት ከናዚ ጀርመን ሸሽታ ለብዙ ዓመታት ዜግነት አልባ ሆና ኖራለች። በ1951 ባሳተመችው ስለ አምባገነናዊ ሥርዓት አመጣጥ በሚናገረው መጽሐፏ፣ የሰው መብት ሰው በመሆን ብቻ ይገኛል ቢባልም፣ ዜግነቱን አጥቶ ሰውነቱ ብቻ የቀረው ሰው መብቱን የሚያስከብርለት እንዳጣ አሳይታለች። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው የመብት ባለቤት የመሆን መብት ነው ትላለች፤ ይህም መብቱን የሚያውቅለት የፖለቲካ ማኅበረሰብ አባል መሆን ማለት ነው። ዜግነት ስለሌላቸው ሰዎች በ1954 እና በ1961 የወጡት ሁለት ዓለም አቀፍ ስምምነቶች ይህን ክፍተት ለማጥበብ የታሰቡ ናቸው።

ተመሳሳይ ጥያቄ ወደ መካከለኛው ምሥራቅ ለቤት ሥራ በሚሄዱ ኢትዮጵያውያት ሕይወት ውስጥ ይነሣል። ለምሳሌ የ1946ቱ የሊባኖስ የሠራተኛ ሕግ የቤት ሠራተኞችን ከተፈጻሚነቱ ውጭ ያደርጋል። በከፋላ ሥርዓት ደግሞ የሠራተኛዋ የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪዋ ጋር የተሳሰረ ነው። በጠባቡ የሕግ ትርጉም ከሄድን፣ በዚያ ሕግ መሠረት የሳምንት ዕረፍት ወይም የሥራ ሰዓት ወሰን የመጠየቅ መብት የላትም። በተፈጥሮ መብት አስተሳሰብ ግን መብቱ አላት፤ የጎደለው ሕጉ ነው። በ2011 የወጣው የዓለም የሥራ ድርጅት 189ኛ ስምምነት የቤት ሠራተኞች እንደ ሌላው ሠራተኛ መብት እንዲኖራቸው የሚደነግግ ሲሆን፣ የሚያስገድደው ግን ያጸደቁትን አገሮች ነው። «ሰው ነኝ» የሚለው ክርክር ስምምነቱን ለማምጣት ረድቷል፤ በአንድ ቤት ውስጥ ተፈጻሚ ለመሆን ግን የአገሩን ሕግና ዳኛ ይፈልጋል።

አዳዲስ መብቶች

ቴክኖሎጂም ጥያቄውን እንደገና ያነሣዋል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ሲጠብቅ ከደብዳቤና ከስልክ በተጨማሪ በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያዎች የሚደረግ ግንኙነትንም ይጠቅሳል። የአውሮፓ ኅብረት የ2000 የመሠረታዊ መብቶች ቻርተር የግል መረጃ ጥበቃን ራሱን የቻለ መብት አድርጎታል። ኢትዮጵያም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ን በ2016 ዓ.ም. አውጥታለች።

ከአዋጁ በፊት የአንድን ሰው የጤና መረጃ ያለ ፈቃዱ ማሰራጨት መብት መጣስ ነበር? የተፈጥሮ መብት ደጋፊ «አዎ፣ የሰው ክብርና የግል ሕይወት ቀድሞም ነበሩ» ይላል። የሕግ መብት ደጋፊ ደግሞ መረጃውን የሚይዘው ድርጅት ምን ያህል ጊዜ ሊያቆየው እንደሚችል፣ ለማን አቤት እንደሚባልና ቅጣቱ ምን እንደሆነ ከሰው ተፈጥሮ ማንበብ አይቻልም፤ እነዚህን የሚወስነው ሕግ ነው ይላል።

መካከለኛ አቋሞች

ሁለቱን ለማስታረቅ የሞከሩ ብዙ ናቸው። ዣን ዣክ ሩሶ በ1762 ባሳተመው ሥራው ሰዎች የተፈጥሮ ነፃነታቸውን በማኅበራዊ ውል ወደ ዜግነት ነፃነት እንደሚለውጡት አስተምሯል። የሕግ ፖዚቲቪስት የሆነው ሃርትም በ1955 በጻፈው መጣጥፍ፣ ማናቸውም የግብረ ገብ መብት ካለ ቢያንስ አንድ የተፈጥሮ መብት እንዳለ፣ እሱም ሰዎች ሁሉ በእኩልነት ነፃ የመሆን መብታቸው እንደሆነ ተከራክሯል።

ዛሬ በብዙዎች ዘንድ የተለመደው አቀራረብ ሁለቱ ወገኖች ለተለያዩ ጥያቄዎች መልስ ይሰጣሉ የሚል ነው። የተፈጥሮ መብት አስተሳሰብ «ይህ ሕግ ትክክል ነው ወይ?» ለሚለው ጥያቄ መለኪያ ይሰጣል፤ ያለ እሱ መጥፎ ሕግን በመብት ስም መክሰስ ያስቸግራል። የሕግ መብት አስተሳሰብ ደግሞ «ማን፣ ለማን፣ ምን ግዴታ አለበት? ባይፈጽምስ ማን ዘንድ ይከሰሳል?» የሚለውን ይመልሳል፤ ያለ እሱ መብት አቤቱታ ሆኖ ይቀራል።